ኪሎ ሜትሩ ለማን ነው?

በስፖርት ሰዎች ዘንድ እንደ ርስት ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ አንድ አነጋገር አለ፤ እርሱም «ያላመመው አልሠራም» የሚል ነው። አሠልጣኙ ከአሠልጣኙ የሰማውን ለልጁ ይነግረዋል፤ ልጁም በተራው አሠልጣኝ በሆነ ጊዜ ለሌላው ያስተላልፋል። እኛ ይህን አነጋገር በጠቅላላው ለመንቀፍ አልተነሣንም። የሮጠ ሰው ጭኑ እንደሚዝል፣ ከባድ ነገር ያነሣ ሰው በማግሥቱ ክንዱ እንደሚያመው የማያውቅ የለም፤ ይህ ዐይነቱ ሕመም በሁለትና በሦስት ቀን ይለቃል፣ ሲለቅም ሰውነትን አጠንክሮ ይሄዳል። ዳሩ ግን አነጋገሩ ፍጹም ሐሰት የሚሆንበት አንድ ቦታ አለና ስለዚያ ቦታ ጥቂት እንድንጽፍ ይፈቀድልን። ቦታውም ለውድድር የሚዋኙ ልጆች ትከሻ ነው።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን «ሰው ሁሉ ስለ ሩጫ በሚያወራበት አገር የዋና ነገር ከየት መጣ?» ብለው እንደሚስቁብን እናውቃለን። ይሣቁ፤ መልሳችን ግን አጭር ነው። የልምምድን ብዛት ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው ዋና እንደ ላቦራቶሪ የጠራ ጉዳይ ነው። በእግር ኳስ ጉልበቱ የተጎዳ ልጅ «ተጋጣሚው መታው» ይባላል። በሩጫ ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ልጅ «መንገዱ ኮረኮንች ነበር፣ ጫማው አልቆ ነበር» ይባላል። በውሃ ውስጥ ግን የሚራገጥ ተጋጣሚ የለም፤ ኮረኮንች የለም፤ መውደቅ የለም፤ ጫማም የለም። ስለዚህ የዋናተኛው ልጅ ትከሻ በታመመ ጊዜ ጥፋቱን የምናሸክመው ሌላ አካል እናጣለን። የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ልጁ እንዴት እንደ ዋኘ፣ ሁለተኛው ምን ያህል እንደ ዋኘ ነው። ምን ያህል እንደሚዋኝ ደግሞ የሚወስነው ልጁ አይደለም። ጽሑፋችን በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህች በመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ በመጀመሪያ እንቁጠር። በ50 ሜትር ገንዳ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ በነፃ ቀዘፋ ሁለቱን ክንዶቹን በድምሩ 40 ጊዜ ያህል ያዞራል እንበል፤ ቁመቱ የረዘመና ቀዘፋው የሠመረለት ከዚህ ያነሰ፣ ያልሠመረለት ከዚህ የበዛ ያዞራል። እንግዲህ እያንዳንዱ ትከሻ 20 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። በአንድ ልምምድ 5,000 ሜትር ቢዋኝ ገንዳውን 100 ጊዜ አቋርጦአልና እያንዳንዱ ትከሻ 2,000 ጊዜ ዞረ። ይኸው ልጅ አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ማለዳ ተጨማሪ ልምምድ ቢኖረው በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ይሞላል፤ ትከሻውም 14,000 ጊዜ ይዞራል። በዓመት 40 ሳምንት ቢለማመድ ቁጥሩ 560,000 ይደርሳል። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው! ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ማባዛት ሲሆን፣ የገረመን ነገር ቢኖር ብዙ የልምምድ ደብተሮች ሜትሩንና ደቂቃውን በጥንቃቄ ሲጽፉ ይህን ቁጥር የሚጽፍ አለመገኘቱ ነው።

ይህን ከሌላ ጨዋታ ጋር እናስተያየው። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አላቸው፤ አንዱ ልጅ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የወርዋሪዎቹ ልጆች ክርንና ትከሻ እየተበላሸ ስላስቸገረ የልጆቹን ውድድር የሚመራው ሊትል ሊግ የተባለው ድርጅት በ2007 ውርወራን የሚቆጥር ደንብ አወጣ። በዚያ ደንብ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን 85 ጊዜ ከወረወረ በኋላ ከመወርወሪያው ቦታ ይወርዳል፤ ጨዋታው እየተሸነፈም ቢሆን፣ አባቱ ከአጥር ውጭ ሆኖ ቢጮህም ይወርዳል። እርግጥ ነው፣ አንድ ውርወራ ከአንድ ቀዘፋ ይልቅ እጅግ ኃይለኛ ስለ ሆነ 85ን ከ2,000 ጋር አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ መፍረድ ትክክል አይሆንም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ መንደር፣ ምናልባትም በአንድ ቤት ውስጥ ከሚያድጉት ሁለት ወንድማማቾች የአንደኛው ትከሻ በደንብ ተቆጥሮ ይጠበቃል፤ የሁለተኛው ትከሻ ሳይቆጠር ይሠራል። ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ ምንድን ነው? ውሃው ለስላሳ መስሎ መታየቱ ካልሆነ በስተቀር ሌላ ምክንያት አላገኘንለትም።

ትከሻ ለምን? ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ እንደ ትከሻ በየአቅጣጫው የሚዞር የለም፤ ለዚህ ነፃነቱ ግን ዋጋ ይከፍላል። የጭን አጥንት ራስ በዳሌ ውስጥ እንደ ዘነዘና በሙቀጫ ጠልቆ ተቀምጦአል። የክንድ አጥንት ራስ ግን በትከሻ ላይ የተቀመጠው ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደሚቀመጥ ሆኖ ነው። ብርቱካኑ እንዳይንከባለል ዙሪያውን ይዘው የሚያቆሙት አራት ትንንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ከእነዚህ አንደኛው፣ በላይ በኩል ያለው፣ ጅማቱ የሚያልፈው ከአጥንት ጣሪያ በታች ባለች ጠባብ መንገድ ነው። ትንንሾቹ ጡንቻዎች ትኩስ ሳሉ ብርቱካኑን በስፍራው ይይዙታል፤ ሲደክሙ ግን ወደ ላይ ይሸሻል፣ መንገዷም ትጠብባለች፣ ጅማቱም በየቀዘፋው ይታሻል። አንድ ጊዜ ቢታሽ ምንም አይደለም፤ አንድ ሺህ ጊዜ ቢታሽና ቢያርፍም ይጠግናል። ጥገናው ሳያልቅ በማግሥቱ ማለዳ ተመልሶ ሲታሽ ግን ጅማቱ እየወፈረ፣ እየላላ፣ ውስጡ እየተበላሸ ይሄዳል። በዋና አብዛኛው ግፊት የሚመጣው ከክንድ እንጂ ከእግር አለመሆኑን አንዘንጋ። የልጅ አጥንት ደግሞ ገና በማደግ ላይ ነው፤ ጎበዝ ዋናተኛ የሚሆኑት ልጆችም ብዙውን ጊዜ መገጣጠሚያቸው የላላ ናቸው። ያው የላላ መገጣጠሚያ ረጅም ቀዘፋ ይሰጣቸዋል፤ ያው የላላ መገጣጠሚያ ለትንንሾቹ ጡንቻዎች ሥራ ያበዛባቸዋል።

ይህ ሁሉ ትናንት የታወቀ ነገር አይደለም። ኬኔዲና ሆኪንስ የተባሉ የካናዳ ሐኪሞች «የዋናተኛ ትከሻ» የሚለውን ስም ለበሽታው ከሰጡት በ1974 ነው። በ1993 በአሜሪካ 1,262 ዋናተኞች ተጠይቀው ልምምዳቸውን የሚያደናቅፍ የትከሻ ሕመም ደርሶባቸው እንደሚያውቅ ከተናገሩት ውስጥ በ13 እና በ14 ዓመት ክልል ካሉት 47 በመቶ፣ ከእነርሱ ከፍ ካሉት ወጣቶች 66 በመቶ፣ ከታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች 73 በመቶ ነበሩ። አንባቢ ሆይ፤ ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚወጣ ተመልከት። ልጆቹ ደረጃ በወጡ ቁጥር ሕመሙ አብሮአቸው ይወጣል።

ከሁሉም ይልቅ የከበደን ግን በ2010 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ነው። ሐኪሞቹ ከ13 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 80 ምርጥ ዋናተኞችን ጠየቁ፣ መረመሩም። ከ80ዎቹ 73ቱ ትከሻችንን ያመናል አሉ። ሐኪሞቹ በዚህ ሳያቆሙ 52ቱን የውስጥ አካልን በሚያሳየው የማግኔት መሣሪያ አነሷቸው፤ ከእነዚህ 36ቱ ያ በላይ በኩል ያለው ጅማት የተበላሸባቸው ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ መበላሸቱ ከምን ጋር እንደሚሄድ መረመሩ። ልጁ በየትኛው ስልት እንደሚዋኝ፣ በቢራቢሮም ይሁን በጀርባ፣ ልዩነት አላመጣም። ልዩነት ያመጣው ብዛቱ ነው። በሳምንት ከ15 ሰዓት በላይ የሚለማመዱት ከሌሎቹ ይልቅ ጅማታቸው ተበላሽቶ የመገኘቱ ዕድል ሁለት እጥፍ ሆነ፤ በሳምንት ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዋኙት ደግሞ አራት እጥፍ ሆነ። ከላይ በምሳሌ ያስቀመጥነው ልጅ ቆሞ የነበረው በዚህ ወሰን ላይ ነበር።

መምህሮቻችን «አንድ ላይ መገኘት ምክንያት መሆንን አያስረዳም» ብለው ያስተማሩንን አልረሳንም። በአንድ ቀን የተነሣ ፎቶግራፍ የቱ ቀድሞ የቱ እንደ ተከተለ አይናገርም። ደግሞም በየዕድሜው ያሉ ዋናተኞች አንድ ላይ ሲታዩ ጥናቶቹ ስለ ብዛት የሚሰጡት ምስክርነት የተለያየ ነው። ነገር ግን በ2020 የታተመ አንድ የጥናቶች ጥናት በዕድሜ ለያይቶ ቢመለከታቸው የትከሻ ሕመም በዝቶ የተገኘው፣ የልምምዱም ብዛት ከሕመሙ ጋር የተያያዘው በጎረምሶችና በኮረዶች ላይ መሆኑን አሳይቶአል። በ2021 ደግሞ ወጣት ዋናተኞችን እየተከታተለ የተካሄደ ሌላ ጥናት ሕመምን አስቀድመው ከሚጠቁሙት ነገሮች አንዱ በቅርብ ቀናት የተዋኘው ከቀደሙት ሳምንታት ልማድ ጋር ሲመዛዘን የሚያሳየው ብልጫ መሆኑን አመለከተ። በተራ አማርኛ፣ ድንገት መጨመር ያሳምማል ማለት ነው። የፈተና ሰሞን ከውሃ ርቆ የቆየው ልጅ በተመለሰ በመጀመሪያው ሳምንት ከሌሎቹ ጋር እኩል እንዲዋኝ ሲታዘዝ የሚሆነው ይኸው ነው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ኪሎ ሜትር ከየት መጣ? ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ማራቶንን ባሸነፈበት በ1968 ኦሊምፒክ፣ በዚያው ከተማ በዋናው በኩል ማይክ በርተን የሚባል አሜሪካዊ የ400 እና የ1,500 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ወርቆችን ወሰደ። አሠልጣኙ ሸርም ሻቩር በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ልጆቹን ከውድድሩ ርቀት እጅግ አብልጦ በማዋኘት የታወቀ ሰው ነበር። በርተን አሸነፈ፤ በ1972ም በሙኒክ 1,500ውን ደገመ። ዓለም ያየው ውጤቱን ነውና ርቀትን ማብዛት እንደ ሃይማኖት ተስፋፋ። ከዚያ በኋላ የነበሩ አሠልጣኞች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ የሚጠያየቁት ልጆችህ በሳምንት ስንት ይዋኛሉ የሚል ሆነ። ልጆችህ እንዴት ይዋኛሉ የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ወጣ።

ሙግቱ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። «በርተን በርቀት አሸነፈ፤ አሜሪካዊቷ ኬቲ ሌዴኪም በ15 ዓመቷ በ2012 ለንደን ላይ የ800 ሜትር ወርቅ ወሰደች፣ ከዚያም በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ደገመችው። እናንተ እነማን ናችሁ?» እንባላለን። እኛ ማንም አይደለንም። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ለመጠየቅ ድፍረት እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ከጦር ሜዳ የተመለሱትን ብቻ ቆጥሮ ጥይት አይገድልም የሚል ሰው አለን? በርተንን የምናውቀው ትከሻው ስለ ቻለለት ነው። ትከሻቸው ያልቻለላቸው ልጆች በመዝገብ አልተጻፉም፤ በ16 ዓመታቸው ፎጣቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ አሠልጣኙም «ልቡ በስፖርቱ ላይ አልነበረም» ብሎአቸዋል። ሁለተኛው፣ ለ1,500 ሜትር የሚዘጋጅ ሰው ብዙ መዋኘት እንደሚያስፈልገው እናምናለን፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አንከራከርም። ነገር ግን በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ገንዳ ውስጥ ለእያንዳንዱ ጾታ ከተዘጋጁት 14 የግል ውድድሮች 10ሩ ርቀታቸው 200 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ የቻይናው ፓን ዣንሌ 100 ሜትሩን በ46.40 ሴኮንድ ጨረሰ። ከአንድ ደቂቃ ለማይሞላ ወይም ከሁለት ደቂቃ ተኩል ለማያልፍ ሥራ የ13 ዓመት ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ ገንዳ የሚገባው ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ በሙከራ ተፈትኖአል። በ1991 ዴቪድ ኮስቲልና ባልደረቦቹ የዩኒቨርሲቲ ዋናተኞችን በሁለት ቡድን ከፈሉ። አንደኛው ቡድን በቀን አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲለማመድ፣ ሁለተኛው ለስድስት ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ተለማመደ። ይህ ማለት ድካሙ እጥፍ፣ ውሃው እጥፍ፣ የትከሻው ዙር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻ ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ፤ እጥፍ የሠራው ግን ከሌላው ብልጫ አላገኘም። እንዲያውም በዚያ በእጥፍ ሰሞን የአጭር ርቀት ፍጥነቱ ቀነሰ። እነዚህ ያደጉ ወንዶች እንጂ ልጆች አይደሉም፤ ስድስት ሳምንትም ስድስት ዓመት አይደለም፤ ይህን እናውቃለን። ቢሆንም የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው በማን ላይ ነው? የልጁን ትከሻ 2,000 ጊዜ ለሚያዞረው ሰው ሁለተኛውን 2,000 ሲጨምር ጥቅሙን ማሳየት ግዴታው መሆን አለበት እንላለን። ልማድ ማስረጃ አይደለም።

«ጥፋቱ የብዛቱ ሳይሆን የአዋዋኙ ነው፤ እጁን አጣምሞ የሚያስገባ ልጅ ይታመማል» የሚሉም አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። እጁን ከራሱ መካከለኛ መሥመር አሻግሮ የሚያስገባ ልጅ ትከሻውን ያጣብባል፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚተነፍስም ሚዛኑ ይዛባል። ዳሩ ግን በመጀመሪያው 1,000 ሜትር ቀጥ ብሎ የገባው እጅ በአምስተኛው 1,000 ሜትር ለምን ተጣመመ? ደክሞ ነዋ! አዋዋኙን ያበላሸው ያው ብዛቱ ነው። የደከመ ልጅ በተበላሸ ቀዘፋ ተጨማሪ 1,000 ሜትር ሲዋኝ የሚማረው የተበላሸውን ቀዘፋ ነው፤ ጡንቻ መልካሙንና ክፉውን ለይቶ አይመዘግብም። እንዲያውም አንዳንድ አሠልጣኞች በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ይጨምራሉ፤ በመዳፍ ላይ የሚታሰር ሰፊ ላስቲክ አስረው ውሃውን ያከብዱታል። ትከሻው ያመመውን ልጅ ደግሞ «እንግዲያው በእግርህ ብቻ ሂድ» ብለው ሰሌዳ ያስይዙታል፤ ሰሌዳውን ለመያዝ ሁለቱም ክንዶች ወደ ፊት ተዘርግተው መቆየታቸውን ማን ያስተውላል? የታመመው ትከሻ አረፈ ተብሎ በሚያመው አኳኋን ታስሮ ይሰነብታል።

አሁን ወደሚያስቆጣን ነገር እንምጣ። በ2013 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆኑ የክለብ ዋናተኞች ስለ ትከሻ ሕመም ምን እንደሚያስቡ ተጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ የትከሻ ሕመም በዋና ያለ ነገር ነው፣ ልምምዱን ለመፈጸም መታገሥ ይገባል የሚል እምነት ነበራቸው። አብዛኞቹም ለትከሻቸው ማስታገሻ ክኒን ወስደው ያውቃሉ፤ ከእነርሱም መካከል በየሳምንቱ የሚወስዱ ጥቂት አይደሉም። አስተውሉ፤ እነዚህ ልጆች ናቸው። ሕመም ሰውነት ያለው ብቸኛ ቆጣሪ ነው። አሠልጣኙ አይቆጥርም፤ ደብተሩ አይቆጥርም፤ የቆጠረው ጅማቱ ብቻ ሲሆን እርሱንም በክኒን አፉን እናስይዘዋለን። አንድ የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሠራተኛ ቆጣሪውን በጨርቅ ሸፍኖ «ምንም አልተጠቀማችሁም» ቢለን በሳቅ እንሞት ነበር።

ልጁ ለምን አይናገርም? የሚናገርበት ቦታ ስለሌለው ነው። በገንዳው ውስጥ ፈጣኖቹ በአንድ መሥመር፣ ዘገምተኞቹ በሌላ መሥመር ይዋኛሉ። «ትከሻዬን አመመኝ» ብሎ የወጣ ልጅ በማግሥቱ ሲመለስ ቦታው በሌላ ተይዞ ይጠብቀዋል። እናቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ እንዳመጣችው ያውቃል፤ አባቱ የክለቡን ክፍያ እንዴት እንደሚከፍል ያውቃል። የ13 ዓመት ልጅ በዚህ ሁሉ ውለታ ላይ ቆሞ «አልችልም» እንዲል መጠበቅ ከልጁ ከአዋቂው የበለጠ ወኔ መጠየቅ ነው። አሠልጣኙም ቢሆን ሁልጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ እርሱም የሚመዘነው በዚህ ዓመት በሚያመጣው ሜዳልያ ነው። ልጁ በ22 ዓመቱ ክንዱን ከራሱ በላይ አንሥቶ ዕቃ ከመደርደሪያ ለማውረድ መቻል አለመቻሉን ጠይቆ ደመወዝ የሚጨምርለት ክለብ አልሰማንም።

ምን ይደረግ? ከእኛ የሚጠበቅ ፈጠራ የለም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2007 ለሁሉም ዐይነት የልጆች ስፖርት ጽፎት ተቀምጦአል። የሳምንቱ ልምምድ በአንድ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ አይጨመር፤ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ይሁን፤ በዓመትም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ልጁ ከዚያ ስፖርት ይራቅ ይላል። በውሃ ላይ ስናውለው፣ በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር የሚዋኝ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ከ22 አያልፍም ማለት ነው፤ 30 ማድረስ የሚሻ አሠልጣኝ ቢያንስ አምስት ሳምንት ይጠብቃል። ይህ በጣም ብዙ ነው? በመሬት ላይ የሚሠራው ነገርም አለ፤ የትከሻን የኋላ ጡንቻዎችና ጠፍጣፋውን የጀርባ አጥንት የሚይዙትን ጡንቻዎች በላስቲክና በቀላል ክብደት ማጠንከር ይገባል። አስቀድሞ የላላውን ትከሻ ጓደኛ ከኋላ ቆሞ እንዲጎትተው ማድረግ ግን ቢቀር ይሻላል። የቀረው ለአሠልጣኞቹ የተተወ ነውና እናልፈዋለን። (ወረቀታችን ስድስት ገጽ ናት፤ የማባዣው ኃላፊ ወንድማችንም በቀለም ጉዳይ ከእኛ ጋር ከተጣላ ሰንብቶአል።)

ለ14 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ግን ከዚህ አልፈን እንድንጠይቅ ይፈቀድልን። በየዕድሜው የሚሰጠው ሜዳልያና በየዕድሜው የሚያዘው መዝገብ ይህን ሁሉ ጥድፊያ የሚነዳ ሞተር ነው። የ10 ዓመት ልጅ በአገር ደረጃ አንደኛ መባሉ ለማን ይጠቅማል? በዚያ ዕድሜ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያደገው ነው፤ ሌሎቹ በ16 ዓመታቸው በቁመት ይደርሱበታል፤ በዚያን ጊዜ እርሱ የቀረው የታመመ ትከሻ ብቻ ከሆነ ወርቁ ብድር ነበር ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ልጁ በአራቱም ስልት በትክክል መዋኘትን ይማር፤ ኳስም ይጫወት፤ ይሩጥም።

ይህን ስንጽፍ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍል የሚማሩትን ጓደኞቻችንን እያሰብን ነው። ነገ በየትምህርት ቤቱና በየክለቡ ተበትነው የልጆችን ሰውነት የሚረከቡት እነርሱ ናቸው። አብዛኞቹ የሚረከቡት ሯጭ ልጅ እንጂ ዋናተኛ ልጅ አይሆንም። ሆኖም በአገዳው ላይ የሚያመውን የ15 ዓመት ሯጭ «ታገሥ፣ ሁላችንም እንዲህ ነበርን» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ተጋጣሚ በሌለበት፣ ኮረኮንች በሌለበት ውሃ ውስጥ የልጆች ትከሻ ምን እንደ ሆነ ትዝ ይበላቸው። የአሠልጣኝነት ትምህርት የሚሰጡ መምህሮቻችንንም በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እንለምናለን። ለተማሪ አሠልጣኞች በናሙና የሚያድሉት የልምምድ ደብተር ቀን፣ ርቀትና ደቂቃ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ካሉት፣ አራተኛ ዓምድ ይጨመርለት፤ ከላዩም «ዛሬ የት አመመህ?» ተብሎ ይጻፍበት። ይህን ዓምድ ልጁ ራሱ በእጁ ይሙላው፤ አሠልጣኙ የማግሥቱን ኪሎ ሜትር የሚጽፈው ያንን ካነበበ በኋላ ይሁን።